የሰው ማሳ፣ የሁሉም መንገድ



የተከበራችሁ አንባብያን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን ወደ እንግሊዝ ገጠር ይወስደናል። ምክንያቱም ከማንቸስተር ከተማ የደረሰኝ የአንዲት እህታችን ደብዳቤ ነው። እህታችን የሦስት ልጆች እናት ስትሆን ታላቂቱ ልጇ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከደብዳቤዋ ዋናውን ክፍል ላንብብላችሁ፦

«ኡስታዝ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ኢዴል ወደምትባል መንደር ወስዶ ቀኑን ሙሉ በጫካና በማሳ መሐል በእግር ሊያስኬዳቸው ነው። ለዚህም የወላጅ ፊርማ ጠየቀን። አባቷ ግን ‹የሰው ካብ ተሻግሮ፣ የሰው ሣር ረግጦ፣ በሰው በጎች መሐል ማለፍ ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ባለቤቱ ሳይፈቅድ መሬቱ ላይ መግባት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ጠፋሽ?› ብሎ ወረቀቱን ሳይፈርም አስቀመጠው። እኔም መልስ አጣሁ። ልጅቷ ደግሞ ከክፍሏ ብቻዋን ልትቀር ስለሆነ ማልቀስ ጀምራለች።»

ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ በአንዲት መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ደግሞስ እዚያ ገጠር እኛን የመሰለ ሰው አለ እንዴ?» ወደዚህች መስመር ኋላ እመለስባታለሁ።

በቅድሚያ ስለ አባትየው ልናገር። በዚህ ዘመን የሰው መሬት ሲረገጥ ልቡን የሚቆረቁረው አባት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እኛም በቂርኣት ቤት ሳለን የሰው ሐቅ ስንዝር መሬት እንኳ ብትሆን ቂያማ ዕለት እንደምታስጠይቅ እየሰማን ነው ያደግነው። ስለዚህ ወንድማችን የተነሣበት መሠረት የጸና ነው። እኔ ለትምህርት ማንቸስተር በቆየሁባቸው ዓመታት ኢዴልን በእግሬ ስላየኋት፣ ስለ መንገዶቿም ሕግ ያነበብኩት ስላለ፣ በዚያ መሠረት ላይ አንድ መረጃ እንድጨምርለት ይፍቀድልኝ፦ በኢዴል ማሳዎች የሚያልፈው መንገድ መሬቱ የገበሬው ነው፤ የማለፍ መብቱ ግን የሕዝብ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አገሩን አስቀድመን እንየው። ኢዴል በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል፣ ደርቢሻየር በተባለው ክፍለ አገር ያለች፣ በተራሮች የታቀፈች ሸለቆ ናት። ከ1894 ጀምሮ ባቡር ይቆምባታል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከማንቸስተር ቢነሡ አንድ ሰዓት አይፈጅም። መንደሯ በአንድ ትንሽ ወንዝ ግራና ቀኝ የተበተኑ አምስት ሰፈሮች ናት። የየሰፈሮቹ ስም መጨረሻ «ቡዝ» የሚል ቃል ነው። ትርጉሙም ጥንት እረኞች ከብት ሲጠብቁ የሚያድሩበት ጎጆ ማለት ነው።

ከጣቢያው ወጥታችሁ ቤተ ክርስቲያኑን አልፋችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ አስፋልቱ ያልቅና የእግር መንገዱ ወደ ጅረት ይወርዳል። ጅረቱን በትንሽ ድልድይ ተሻግሮ ጫካ ውስጥ ይገባል። ጫካው ሰፊ አይደለም፤ ነገር ግን ጥላው ደስ ይላል፤ ውሃውም ከጎናችሁ እየተንፏፏ አብሯችሁ ይሄዳል። ከጫካው ሲወጡ ሜዳው ወለል ይላል። በጎች በየቦታው ተበትነዋል። ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ ከሸለቆው ተነሥቶ ተራራውን ሽቅብ ይወጣል፤ የሐረርጌን እርከን ያየ ሰው ካቡ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ በላይ ያለው ኪንደር ስካውት የተባለ ሰፊ አምባ ነው። አፈሩ ጥቁርና ረግረጋማ ሲሆን የእኛን አስታ የሚመስል አጭር ቁጥቋጦ ይበቅልበታል፤ በነሐሴ ወርም ሐምራዊ አበባ ያለብሰዋል። ከፍታው 636 ሜትር ነው። ለእኛ ይህ ተራራ አይባልም፤ አዲስ አበባ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ነገር ግን አትናቁት። ጉም ሲወርድበት አገሬውንም መንገድ ያስታል፤ ነፋሱም አጥንት ይሰብራል።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንመለስ። በእንግሊዝና በዌልስ በሰው መሬት ላይ የሚያልፉ የሕዝብ የእግርና የፈረስ መንገዶች በአንድ ላይ ቢቀጠሉ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። አንዳንዱ መንገድ ዕድሜው የማይታወቅ ጥንታዊ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በልማድ የጸና ነው፤ ሕዝብ ሳይደበቅ፣ ሳይከለከል፣ ፈቃድም ሳይለምን በአንድ መሬት ላይ ለ20 ዓመት ሳያቋርጥ ከተመላለሰ፣ ባለመሬቱ መንገዱን ለሕዝብ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳልነበረው በማስረጃ ካላሳየ በቀር። በ1949 በወጣው ሕግ ደግሞ የየክፍለ አገሩ ምክር ቤት መንገዶቹን መርምሮ በካርታ ላይ እንዲመዘግብ ታዘዘ። በዚያ ካርታ ላይ የሰፈረ የሕዝብ መንገድ በሕግ ፊት የጸና ማስረጃ አለው። መሬቱ ቢሸጥም ቢወረስም መንገዱ አብሮ አይሸጥም፤ አዲሱ ባለመሬት ከነመንገዱ ይረከበዋል። ገበሬው ማሳውን ሲያርስ መንገዱን ቢያጠፋው እንኳ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ መልሶ እንዲያበጅ ይገደዳል።

ስለዚህ፣ ወንድማችን፣ ልጅህ በካቡ ላይ በተሠራው የድንጋይ ደረጃ ስትሻገር አጥር እየዘለለች አይደለም። ያ ደረጃ የተሠራው ሰው እንዲሻገርበት ነው። ባለመሬቱም ያውቃታል፤ ማለትም እርሷን ባይሆን እርሷን የመሰለ መንገደኛ እንደሚመጣ ያውቃል። በየመታጠፊያው ትንሽ ቢጫ ቀስት ታያለች። ቢጫው የእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊው ግን ለፈረስና ለብስክሌትም ጭምር ነው፤ ከኋላ ድንገት ፈረስ ቢመጣ እንዳትደነግጥ ይህን አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

ለመሆኑ እነዚህ መንገዶች ከየት መጡ? መዝናኛ ሆነው አልተወለዱም። ከኢዴል በስተደቡብ ሆሊንስ ክሮስ የሚባል የተራራ በር አለ። እንደሚነገረው ኢዴል የራሷ ቤተ ክርስቲያን ሳይሠራላት በፊት፣ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ፣ ሰዎቿ ሬሳቸውን በትከሻቸው ተሸክመው በዚያ በር አሻግረው ካስልተን በተባለች ጎረቤት መንደር ይቀብሩ ነበር። ጀናዛ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ተሸካሚው በየጥቂት እርምጃው ይለዋወጣል፤ ወሬ የለም፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ኋላም ኢዴል ውስጥ የጥጥ ፋብሪካ ሲቆም ከካስልተን ሠራተኞች ያንኑ በር እየተሻገሩ ለሥራ ይመጡ ነበር። ልጆች ዛሬ ብስኩታቸውን እየበሉ የሚወጡበትን ዳገት ያቀኑት የሬሳ ተሸካሚዎችና የቀን ሠራተኞች እግሮች ናቸው።

ከዚያው በር በስተምዕራብ በሸንተረሩ ላይ ስትሄዱ 517 ሜትር ከፍታ ያለው ማም ቶር ይገኛል። አገሬው «የሚንቀጠቀጠው ተራራ» ይለዋል፤ አንደኛው ጎኑ ከጥንት ጀምሮ ሲናድ ይኖራልና። በሥሩ የመኪና መንገድ ተሠርቶ ነበር። ተራራው ደጋግሞ እየሰበረው ጠጋኞቹን ስላሰለቻቸው በ1979 ለዘለቄታው ተዘጋ። የእግር መንገዱ ግን ዛሬም ያለ ችግር ይኬድበታል።

ነገር ግን ሁሉም መንገድ እንዲሁ ክፍት ሆኖ አልቆየም። የኪንደር አምባ የሀብታሞች ወፍ ማደኛ ነበር። ቆቅ የመሰለች ወፍ እንዳትደነብር ተብሎ ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ሰውን ይመልሱ ነበር። በዚያ ዘመን በማንቸስተርና በሼፊልድ ፋብሪካዎች ስድስት ቀን በጢስ ውስጥ የሚውለው ወጣት በሰባተኛው ቀን አየር ፍለጋ ወደነዚህ ተራሮች ይመጣና «ተመለስ!» ይባላል። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 እሑድ ዕለት አራት መቶ ያህል ወጣቶች ሄይፊልድ ከተባለች መንደር ተነሥተው ሆን ብለው ወደ ተከለከለው አምባ ወጡ። ከወዲህ ማዶም ከኢዴል የተነሡ ሌሎች ነበሩ። ከጠባቂዎቹ ጋር ግፊያ ተፈጠረ፤ አንድ ጠባቂም ተጎዳ። ስድስት ወጣቶች ተያዙ፤ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተከሰሱት የሰው መሬት ረገጣችሁ ተብለው አልነበረም፤ በእንግሊዝ ያ በራሱ የሚያሳስር ወንጀል አልነበረምና። የታሰሩት በሁከት ተከሰው ነው። እኔ ግፊያውን አልደግፍም፤ የተጎዳውም ሰው እንጀራ ፈላጊ ነበር። የፍርዱ ክብደት ግን አገሩን አስቆጣ፤ ከዚያ በፊት ለነገሩ ግድ ያልነበረው ሰው ሁሉ «መንገዱ የማን ነው?» ማለት ጀመረ። የእግረኞች ማኅበራት በ1935 በአንድ አገር አቀፍ ማኅበር ተሰባሰቡ። በ1949 ከላይ ያነሣነው ሕግ ወጣ። በ1951 ኢዴል ያለችበት ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1965 ከኢዴል ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ድንበር ማዶ 430 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ፔናይን ዌይ የተባለው የእግር መንገድ ተመረቀ። በ2000 ደግሞ በካርታ በተለዩ ተራሮችና ጠፍ መሬቶች ላይ ሰው ከመንገድ ወጥቶም እንዲሄድ የሚፈቅድ ሕግ ጸደቀ። በ2002 የያኔው ባለመሬት የልጅ ልጅ የሆኑት የዴቮንሻየር መስፍን በአደባባይ ቆመው አያታቸው ለፈጸሙት በደል ይቅርታ ጠየቁ። ሰባ ዓመት ፈጅቷል።

በነገራችን ላይ፣ ያ ረጅም መንገድ የሚጀመረው ከአንድ መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ነው። ይህን የምነግራችሁ ልጅቷ መጥታ ስትነግራችሁ እንዳትደነግጡ ነው፤ መንገዱ ወደ ውስጥ አያስገባም! ረግረጉ ላይ በተነጠፉት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ስትራመድ ግን አንድ ነገር ንገሯት፦ በፔናይን ዌይ ላይ ከተነጠፉት ብዙዎቹ ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የተነሡ ናቸው። የፋብሪካው ሠራተኛ ቆሞ ይሠራበት የነበረው ድንጋይ ዛሬ ተራራ ላይ ወጥቶ መንገደኛ ያሳልፋል።

አሁን የእህታችንን የግርጌ መስመር ላንሣ። «እዚያ ገጠር እኛን የመሰለ ሰው አለ እንዴ?»

በዚያ እሑድ ወጣቶቹን ከመሩት ዋነኛው ቤኒ ሮትማን ይባላል። ሃያ ዓመቱ ነበር። የማንቸስተር ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ግን ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። አብረውት ከተያዙትም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። አያት ቅድመ አያታቸው ያንን ሣር ረግጠውት አያውቁም። እንግዲህ የእህታችን ልጅ በምትኖርበት ከተማ ያደገ፣ እንደርሷ ከውጭ የመጡ ሰዎች ልጅ የሆነ ወጣት የታሰረለትን መንገድ «የእኛ አይደለም» ብንላት እውነት አይሆንም።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው ግን አልልም። በ2021 ሃሩን ሞታ የተባለ ወንድም «ሙስሊም ሃይከርስ» የተሰኘ የእግር ተጓዦች ቡድን አቋቋመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን፣ በአገሩ ሥራ ሁሉ ዝግ በሆነበት ዕለት፣ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ በፒክ ዲስትሪክት ተጓዙ። ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ላይ ሲወጣ ብዙ ክፉ ቃል ተጻፈባቸው። ከሌላ ወገን ደግሞ እንኳን መጣችሁ የሚሉም በዙ። ቡድኑ ጉዞውን አልተወም። እኔ በተጓዝኩባቸው ቀናት የገጠመኝ ክፉ ነገር የለም፤ በእንግሊዝ ከተማ ጎረቤቱን ሰላም የማይል ሰው ተራራ ላይ ሲያገኛችሁ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ ይህም ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ሒጃቧን አድርጋ ስትሄድ የሚያፈጥ ሊኖር ይችላል። ይህን ከቤት ሳትወጣ ከእናቷ አፍ ብትሰማው ይሻላል። ከዚህም ጋር ማለፍ መብቷ መሆኑን፣ ለማንም ማስረዳት እንደማይጠበቅባት ትስማ።

መብቱ ካለ ግዴታውም አለ፤ አባትየው የሚፈራው ሐቅ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተፈቀደው ማለፍ ነው፤ ማሳው ውስጥ መዋል፣ ካብ መናድ፣ ሰብል መርገጥ አይደለም። በጫካም ቢሆን ለሕዝብ ተለይቶ ካልተፈቀደ በቀር ከመንገዱ አይወጣም፤ የ2000ው ሕግ የሚመለከተው ባብዛኛው ገላጣውን ተራራ ነው። ማሳው ጠበብ ያለ ከሆነ በሰልፍ አንድ በአንድ መሄድ ነው። የአገሩ ሰዎች በር ላይ ያላቸው ደንብ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፦ የተዘጋ ካገኘህ ዝጋ፣ የተከፈተ ካገኘህ ክፍት ተወው። ደግ የሠራ መስሎት ክፍቱን በር የሚዘጋ ሰው የገበሬውን በጎች ከውሃ ሊለያቸው ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ እናት በጎች ግልገሎቻቸውን ይዘው ስለሚሰማሩ ልጆች ሮጠው ሊይዟቸው ይቃጣቸዋል፤ መከልከል ነው። ላሞች ከነጥጆቻቸው ካሉ ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ሳይጮሁ ማለፍ ነው። ከመንገድ ላይ ሰውን የሚያውክ ነገር ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ልጆቻችን በመድረሳ ተምረውታል፤ የብስኩት ወረቀት ከሣሩ ላይ ስታነሣ የምትሠራው ያንኑ ነው።

ስለ ሶላት ብዙ አያስጨንቅም። ቂብላው ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የመንገዱ መሐል ለመስገድ እንደማይመረጥ ከኪታብ የምናውቀው ነው፤ ስለዚህ ፈንጠር ብሎ ሌላው መንገደኛ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የጅረቱ ውሃ ለውዱእ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን አይሆንም፤ ከላይ በጎች አሉ። የሚያስቸግረው ወቅቱ ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ሲሆን በዙህርና በዐስር መካከልም ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መምህራኑ ለምሳ የሚቆሙበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ብትጠይቁና ልጅቷ ዐሥር ደቂቃ እንደምትፈልግ በጽሑፍ ብታሳውቁ ነገሩ ይቀላል። ጫማዋ ውሃ የማያስገባ፣ ቀሚሷ ጭቃ የማይጎትት፣ ከላይም የዝናብ ልብስ ይኑራት፤ ሐምሌ ቢሆንም ዝናቡን አትመኑት። ምሳዋን ከቤት ቋጥሩላት።

ለወንድማችን አንድ የምለምነው ነገር አለ። ወረቀቱን ከመመለስህ በፊት በአንድ የዕረፍት ቀን ቤተሰብህን ይዘህ በባቡር ኢዴል ድረስ ሂድ። ከመነሣትህ በፊት የአካባቢውን ዝርዝር ካርታ ግዛ፤ በላዩ ላይ በአረንጓዴ ጭረት የተሠመሩት የሕዝብ መንገዶች ናቸው። ጭረቶቹ በየማሳው፣ በየካቡ ላይ፣ አንዳንዴም በገበሬው ግቢ ውስጥ ሲያልፉ ታያለህ። ከልጅህ ጋር አንዱን መርጣችሁ ከጣቢያው ወደ ሆሊንስ ክሮስ ውጡ፤ ካርታውን እርሷ ትያዘው። የገበሬውን በር ስታገኙ ተከፍቶ እንደሆነ ተዘግቶ እንደሆነ እዩና እንዳገኛችሁት ተዉት።

እህታችን፣ ልጅሽ ሄዳ ከተመለሰች ያየችውን በገዛ እጇ ጽፋ ትላክልን፤ በዚህ ዓምድ እናወጣላታለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።